ስለ አደን ሥጋና ስለማይታየው በሽታ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)





የማኅበራችን የሥራ ኮሚቴ በዚህ ምሽት ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ትልቅ ነገር እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ጉዳይ ከአንድ ቢላዋና ከአንድ ሳህን አያልፍም። ይኸውም በይፋት ቆላ እየታደነ ስለሚበላው የዱር እንስሳ ሥጋ፣ ከሥጋውም ጋራ ወደ ሰው ሊገባ ስለሚችለው ቫይረስ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የታያችሁ እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረት የምጠቅሰው፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አገሩን ለማያውቁት ጥቂት ልናገር። የተወለድሁባት ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ጋቢውን ሳያወልቅ ከተማችን አይደርስም። ደጋው ከኋላው ቀርቶ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። አገሩ የማሽላ፣ የማሾ፣ የሽንኩርትና የማንጎ አገር ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ሜዳው እየሰፋ ከአፋር ምድር ጋራ ይገናኛል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፤ ሥጋውን ግን እያንዳንዱ በየራሱ ባርኮ ይበላል።

በእርሻው ዳርና በየቁጥቋጦው ሚዳቋ፣ ጅግራ፣ ቆቅና ከርከሮ አይታጣም። ከርከሮ የማሽላ ጠላት ነው፤ ይገደላል እንጂ አይበላም። ሚዳቋና ጅግራ ግን በእጅ ከገቡ ድስት ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። ይህን የምናገረው ሰዎቻችንን ለማሳጣት አይደለም። ዝናም በቀረበት ዓመት ልጆቹ የራቡት አባት ወደ ዱር ሲመለከት ምን እንደሚያስብ በከተማ ተቀምጦ መፍረድ አይገባም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ በነበርሁበት ጊዜ ክረምቱ እጅግ የበረታበት አንድ ዓመት ነበር። ወንዙ ከአፉ እስከ ገደፉ ሞልቶ ስለ ነበር ውሃው በየሜዳው ተኝቶ ሰነበተ፤ ትንኙም እንደ ጢስ ይነሣ ጀመር። ክረምቱ ከወጣ በኋላ አጎቴ ማሽላ ሲጠብቅ አንዲት ሚዳቋ ከእርሻው ዳር ቆማ አገኘ። እኔም አብሬው ነበርሁ። ሚዳቋ የሰው ኮቴ የሰማች እንደ ሆነ እንደ ነፋስ የምትጠፋ እንስሳ ናት። ይህች ግን አልሸሸችም። አጎቴ «እግዜር የሰጠንን!» ብሎ በዱላ መታት፤ ነፍሷም ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ባረካት።

በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ሼህ ቆም ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ከሰው የማይሸሽ አውሬ ደኅና አይደለም፤ ተዉት» አሉን። አጎቴም ሣቀና «እርስዎ የማይበሉት ስለ ሆነ ነው» አላቸው። እርሳቸውም ሣቁና መንገዳቸውን ሄዱ።

ቆዳዋን ሲገፍ እግሯን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የአጎቴ ጣት ማጭድ ቆርጦት ገና አልዳነም ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ በደም ተነከረ። ከጉበቷም ትኩሱን ቆርጦ ጎረሰ። የቀረው ወደ ቤት ሄዶ ወጥ ሆነ፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ በላ።

በአራተኛው ቀን አጎቴን ትኩሳት ያዘው። ወደ ሕክምና ወሰድነው። በቆላ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይህም በብዙው ትክክል ነው። የወባ መድኃኒት ተሰጠው፤ አልተሻለውም። ከዚያም ዓይኑ ፈዘዘ፤ ከድዱም ደም ይመጣ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው። ወጡን ብቻ ከበላነው መካከል የታመመ አልነበረም።

አጎቴን የገደለው ይህ በሽታ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ደሙ አልተመረመረምና። ለምን አልተመረመረም? ያከመው ሰው ስለ ሚዳቋዋ አልጠየቀም፤ እኛም አልተናገርንም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን አጎቴ ያውቅ ስለ ነበር፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ «እንዳትናገር» ብሎኝ ነበር። እኔም ቃሌን ጠብቄ ዝም አልሁ። ጓደኞቼ ሆይ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ያን ዝምታ ለማፍረስ ነው።

ወደ ትምህርቱ እንሂድ። ቫይረስ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር አይራባም። ስለዚህ እንስሳው ከሞተ በኋላ ሥጋው ላይ እንደ ባክቴሪያ እየበዛ አይሄድም፤ ሥጋውን አያሸትተውም፤ መልኩንም አይለውጠውም። አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። የገማ ሥጋ ራሱ «አትብላኝ» ይላል፤ ቫይረስ ያለበት ሥጋ ግን ያማረ ሊሆን ይችላል። አባ ሰንጋን ሕዝባችን በስሙ የሚያውቀው፣ ያበጠውን ከብትና የጠቆረውን ደም በዓይኑ ስላየ ነው። አባ ሰንጋ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ቫይረስ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት በሥጋው ላይ አይተውም።

ስለ ኮሶም አስቡ። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ትል እንደሚያመጣ ስላወቁ በየጊዜው የኮሶ አበባ እየጠጡ ትሉን ያወርዱ ነበር። ይህ ታላቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮን አድጓል፤ ይኸውም ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ችግር ሁሉ በኋላ በመድኃኒት ይወርዳል የሚለው ነው። ለትሉ ኮሶ አለው፤ ለቫይረሱ ግን ኮሶ የለውም። በርበሬውም፣ አዋዜውም፣ ከላይ የሚጨመረውም አረቄ አይገድሉትም።

በሌላው ዓለም የታየውን በጥቂቱ ልጥቀስ። በ1996 በጋቦን ማዪቡ በተባለ ስፍራ ሰዎች በጫካ ሞቶ የተገኘ ቺምፓንዚ አምጥተው በሉ። እንስሳውን በመበለት ከተካፈሉት ሰዎች 19ኙ በኢቦላ ታመሙ፤ በሽታው ወደ ቤተ ሰቦቻቸው ተላልፎ በጠቅላላው 37 ሰዎች ሲታመሙ 21ዱ ሞቱ። በዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባው፣ በሽታው በመጀመሪያ ያገኘው ቢላዋ የያዙትን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ከጃፓን ነው። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የአደን አጋዘን ሥጋ ጥሬውን ከበሉ ሰዎች አራቱ ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ሄፓታይተስ ኢ በሚባለው የጉበት በሽታ ታመሙ። ከዚያው ሥጋ በበረዶ ሣጥን ተቀምጦ የተረፈ ስለ ነበር ሲመረመር፣ በሥጋው ውስጥ የተገኘው ቫይረስና በታመሙት ደም የተገኘው አንድ ሆነ። ከቤተ ሰቡ ያልበሉት ወይም እጅግ ጥቂት የቀመሱት አልተያዙም። ከስድስት ሳምንት በፊት የበላውን ሥጋ ማን ያስታውሳል? ምርመራ ባይደረግ ኖሮ የእነዚያም ሰዎች በሽታ ምክንያቱ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ለእኛ የቀረበው ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው ከኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሲሆን፣ ይኸው ሸለቆ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ በይፋት ግርጌ ያልፋል። ቫይረሱን የሚያዛምቱት ትንኞች ናቸው፤ ከብርቱ ዝናም በኋላ ውሃ ሲተኛ ይነሣል። በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች ይያዛሉ፤ ጎሽን የመሳሰሉ የዱር እንስሳትም ይያዛሉ። በ1997 እና በ1998 በኬንያ፣ በሶማሊያና በታንዛንያ፣ በ2000 ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ብዙ ሰውና ከብት ፈጀ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አብዛኛው ሰው የሚያዘው የታመመውን እንስሳ ደምና የሆድ ዕቃ በመንካት ነው። በብዙ ሰው ላይ ቀላል ትኩሳት ሆኖ ያልፋል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ዓይንን ያጠፋል፤ አንጎልን ይጎዳል፤ ደም ያፈሳል።

አራተኛው ማርበርግ ነው። በ1967 በጀርመንና በዩጎዝላቪያ ቤተ ሙከራዎች ከዩጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ደምና አካል ይመረምሩ የነበሩ ሠራተኞች ታመሙ፤ በጠቅላላው 31 ሰዎች ተይዘው 7ቱ ሞቱ። እነዚያ ሰዎች የጦጣ ሥጋ አልበሉም፤ በእጃቸው ነኩ እንጂ። ይኸው በሽታ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ መግባቱ በጤና ሚኒስቴር ተረጋግጧል። የዚህ ቫይረስ ማደሪያ ፍራፍሬ የምትበላ የሌሊት ወፍ ናት። ስለዚህ ማርበርግ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ማለት ቀርቷል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ አደጋው ከአፍ በፊት በእጅ ይጀምራል። ገዳዩ፣ ገፋፊው፣ ዕቃ አጣቢዋ፣ እንደ እኔ እግር የሚይዘው ልጅ፣ በልተው ከሚነሡት ይበልጥ ለአደጋ የቀረቡ ናቸው። በደንብ የበሰለ ወጥ ቫይረሱን ይገድላል፤ ነገር ግን ሥጋው ድስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ በስንት እጅ ያልፋል?

ሁለተኛ፣ ትኩስነት ዋስትና አይደለም። የታረደ እንስሳ ሥጋ እየቆየ ሲሄድ በውስጡ አሲድ ይፈጠራል። ይህ አሲድ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትንና መዥገር የሚያስተላልፈውን የክራይሚያ ኮንጎ ትኩሳት የመሳሰሉትን ቫይረሶች ያደክማል። እኛ ግን ሥጋውን የምንወደው ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ ሥጋው ራሱን የሚያጠራበትን ጊዜ እንኳ አንሰጠውም። ይህ ሲባል ግን ማሳደር ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም፤ በጉበትና በሌላው የሆድ ዕቃ አሲዱ እንደ ሥጋው አይሠራም፤ ሄፓታይተስ ኢም በአሲድ አይበገርም። ከአሳማ ጉበት በተሠራ ምግብ ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ሄፓታይተስ ኢን ፈጽሞ ለማጥፋት የምግቡ ውስጥ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ20 ደቂቃ አስፈልጓል። ለብ ለብ የተደረገ ጥብስ ከዚህ አይደርስም፤ በፀሐይ የደረቀ ቋንጣም ሳይበስል ቢበላ አያስተማምንም።

ሦስተኛ፣ አባቶቻችን የሰጡን አንድ ታላቅ ሕግ አለ፤ እርሱም በክት አትብላ የሚለው ነው። በዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም ይስማማል። በማዪቡ የነበሩት ሰዎች ይህን ሕግ ቢይዙ ኖሮ ያን ቺምፓንዚ ባልነኩት ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ አለው። አጎቴ ሚዳቋዋን ሳትሞት ደርሶ ስለ ባረካት በክት አልሆነችበትም፤ ሕሊናውም ነጻ ነበር። ቫይረሱ ግን ቡራኬውን አልጠበቀም። ስለዚህ አሮጌውን ሕግ ሳናፈርስ አንድ ቃል እንጨምርበት፤ የታመመም እንደ በክት ይቈጠር። የሼሁ ምክር ይህ ነበር። በናሚቢያ ከ1977 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ በአጋዘኖች መካከል ተዛምቶ ብዙ ሺህ ፈጅቷል፤ ከምልክቶቹም አንዱ እንስሳው ሰውን መፍራት መተዉ ነው። የዱር እንስሳ ሳይሸሽህ የቀረ እንደ ሆነ ዕድልህ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያህ ነው።

በቄራ የሚታረድ ከብት ከመታረዱ በፊትም በኋላም ሠራተኛ ያየዋል። ሠራተኛው ቫይረሱን በዓይኑ ባያይም የታመመውን ከብት ይመልሳል። የአደን ሥጋ ግን በጓሮ ገብቶ በጓሮ ያልቃል። በዚህ ጊዜ አዳኙ ራሱ መርማሪ መሆን አለበት ማለት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ ታዲያ ስለ አስተራረድ ማስተማር ሕገ ወጦችን መርዳት አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። አዋጁ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሚዳቋው በዱር ቢኖር ለእርሱም ለእኛም ይሻላል። ነገር ግን ሕጉን በመፍራት በሽተኛው ለሐኪሙ እውነቱን የሚደብቅ ከሆነ፣ ቅጣቱ በጥፋተኛው ብቻ አይቀርም፤ በሚያስታምሙት ሚስቱና ልጆቹ፣ በሚያክመውም ነርስ ላይ ይደርሳል። ሐኪም ዳኛ አይደለም። በሕክምና ክፍል የተነገረ ቃል በዚያው የሚቀር መሆኑን ሕዝቡ ማወቅ ይገባዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሰምቶ የሌሊት ወፍ ዋሻ በእሳት ለማጠን የሚነሣ ቢኖር ተሳስቷል። የሌሊት ወፍ ትንኝና ተባይ ትበላለች፤ ተክልም ታራባለች፤ ሳይነኳት መተው ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል የምለውን ባጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሞቶ የተገኘን፣ የታመመን ወይም ከሰው የማይሸሽን የዱር እንስሳ ማንም በእጁ አይንካ። ልጆችና ውሾች ይራቁ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይነገር።

ሁለተኛ፤ ማንኛውንም እንስሳ የሚያርድና የሚገፍ ሰው በእጁ ቁስል ካለበት ሥራውን ለሌላ ይተው። ጓንት ያድርግ፤ ጓንት ካጣም የላስቲክ ከረጢት በእጁ ያጥልቅ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከደሙ ይራቁ። ቢላዋውና መክተፊያው ቃሪያና ሽንኩርት ከመቆረጡ በፊት በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ደሙና ፈርሱ በጥልቅ ይቀበር።

ሦስተኛ፤ የዱር እንስሳ ሥጋና ጉበት ጥሬውን ፈጽሞ አይበላ። ወጥ ከሆነ እስኪበስል ይንተክተክ፤ ጥብስ ከሆነ ውስጡ ቀይ ሆኖ አይቅረብ።

አራተኛ፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ሕክምና ሲሄድ ባለፉት ሳምንታት ምን እንዳረደ፣ ምን እንደ ገፈፈ፣ ሞቶ የተገኘ ምን እንደ ነካ ሳይጠየቅ ይናገር። የጤና ትምህርት የምትማሩ ጓደኞቼ ደግሞ ነገ በቆላ ጤና ጣቢያ ስትመደቡ፣ የወባውን ምርመራ ከላካችሁ በኋላ «በዚህ ሰሞን ምን አረድህ?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱ። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሣሪያም አያስፈልገውም። ለአጎቴ ግን ማንም አልጠየቀለትም።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ዕረፍት ከቆላው አገር የመጣን ተማሪዎች ወደየቤታችን እንሄዳለን። የእንስሳት ሕክምና፣ የጤናና የሕግ መምህራኖቻችን ቢረዱን፣ እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ አዘጋጅተን ይዘን እንሂድ። ለቄሱም ለሼሁም እናሳያቸው፤ በክት አትብሉ የሚለውን ትምህርት እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ያስተማሩ እነርሱ ናቸውና፣ ይህችን አንዲት ቃል ቢጨምሩልን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ይደመጣሉ። ወረቀቱን ማባዣ ማሽን አለን፤ ቀለሙን ከማኅበራችን መዋጮ ልናገኝ እንችላለን።

ከንግግሬ በፊት ለአያቴ ደውዬ ይህን ታሪክ በሰው ፊት ልናገረው መሆኑን ነግሬያት ነበር። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ያኔ ተናግረኸው ቢሆን ይድን ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አልቻልሁም። ነገር ግን የሚቀጥለው ሰው በታመመ ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አያት እንዳይኖር ማድረግ እንችላለን። ለዚህም ዝም አለማለት ይበቃል።